ቀስ ሲሏት የምትጠፋ

የልብስ መተኮሻ ክፍሉን ከግቢው የሚለየው ግድግዳ ሳንቃ ነው፤ ሳንቃ ደግሞ ምስጢር አይችልም። የእጥበት ቤቱ ልጅ የክሊኒኩን ነጭ ጋውን እጅጌ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ዘርግታ ውሃ እየረጨችበት ሳለ፣ ታላቅ ወንድሟ ከውጭ አባታቸውን ሲያነጋግር ሰማችው።

«አባዬ፣ ስኩተሯ ምንም የለባትም። እኔ እሁድ ስነዳት እንደ ጥይት ነው የሄደችው። ፍጥነት ሲቀንሱ የምትጠፋው በእሷ እጅ ብቻ ነው። ትደነግጣለች፣ ፍሬኑን ታንቀዋለች፣ ሞተሩን ትገድለዋለች። ከነገ ጀምሮ ስኩተሯን እኔ እይዛታለሁ፤ ልብሱን የሚያደርስ ሰው እንቀጥራለን። እሷ እዚሁ ካውያዋ ላይ ትቁም።»

መልሱን ለመስማት ካውያውን ከልብሱ ላይ አነሳች። ከአባቷ የጠበቀችው ብዙ አልነበረም፤ «ተው እንጂ» ቢሉላት ይበቃት ነበር። የሰማችው ግን ደረቅ ጨርቅ ቆርቆሮ ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ሲጢጥታ ብቻ ነው። ሽማግሌው ስኩተሯን እየወለወሉ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዚያን ጠዋት የአባቷ ዝምታ ግን ሆዷ ገብቶ ነቀዘ።

ደንበኞች የሚጠሯት «ካውያ» ብለው ነው። ሥራዋን አይተው ያወጡላት ስም ቢሆንም ጠባይዋንም አልሳቱም። ቶሎ ትሞቃለች፤ የተጨማደደ ነገር አይታ ማለፍም አይሆንላትም። እንኳን ኮሌታ፣ የተጣመመ ሰልፍ ብታይ ሰዉን በትከሻው ይዛ ካላስተካከለች አይሆንላትም። ከቤቱ ሥራ ሁሉ የምትወደው ግን መተኮሱን ሳይሆን ማድረሱን ነው። ከእንፋሎቱ ወጥታ፣ ከኋላዋ የነጭ ልብስ ሳጥን ጭና በመኪና መሐል እየተጠማዘዘች ስትሄድ፣ ከተማው ሁሉ ለእሷ መንገድ የሚለቅ ይመስላታል። እዚሁ ቁሚ ማለት ለእሷ ከነገ ጀምሮ ዓለምን በመስኮት እዪው ማለት ነው። በእርግጥ ትናንት ጉድ ሆና ነበር። አደባባዩ ጋ ለመታጠፍ ፍጥነት ስትቀንስ ስኩተሯ ድንገት ጠፋች፤ ከኋላዋ የነበረው ሚኒባስ ጥሩንባውን ሲለቅባት ሚዛኗን ሳተች፤ ሳጥኑም ተከፍቶ የክሊኒኩ አንሶላ ጭቃ ላይ ተዘረጋ። ማታ ይህን ስታወራ ወንድሟ ፊት ላይ ያየችው ነገር ሐዘን አይመስልም ነበር።

ወንድሟ ሲሚንቶ መደብር ውስጥ ሻጭ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ሊቀመንበር» ይለዋል፤ ሦስት ሰው ቆሞ ካየ መሐል ገብቶ ስብሰባውን ካልመራ እንቅልፍ አይወስደውም። ስኩተሯን ለምን እንደፈለጋት ካውያ አልጠፋትም፤ ወደ ሥራ በእግሩ መሄድ ሰልችቶታል። ይህን በግልጽ ቢናገር ኖሮ ጠዋት ጠዋት ራሷ ታደርሰው ነበር። እሱ ግን እሷን ጥፋተኛ አድርጎ መውሰድን መረጠ። ማስረጃው ደግሞ እሁድ ነው። እሁድ ሰፊው አስፋልት ባዶ ነው፤ እሱም ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ የሚለው ቤት ሲደርስ ነው። ፍጥነት ቀንሶ የማያውቅ ሰው፣ ፍጥነት ሲቀንሱ ስለምትጠፋ ስኩተር ምን ያውቃል? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ብላ የውሃ መርጫውን እንደያዘች ወደ ግቢው ወጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሰምቼሃለሁ።»

«ብትሰሚም ባትሰሚም እውነት ነው።»

«እስከ ማታ ስጠኝ። ማታ ስትመጣ ከግቢው በር እስከ ውሃ ታንከሩ ድረስ በሰው እርምጃ እየነዳሁ አሳይሃለሁ። ከጠፋች ቁልፉን በገዛ እጄ አስረክብሃለሁ።»

«ካልጠፋችስ?»

«ካልጠፋችማ አንተ ከፊቴ ትጠፋልኛለህ።»

አባታቸው ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ ኋላ ጎማው አጎነበሱ። ከታመሙ ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በደህናው ዘመን የሱሪ እጥፋት ሲተኩሱ በጠርዙ ወረቀት ይቆርጣል ተብሎ የሚቀለድላቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ግን የደንበኛ ኮት እጅጌ አቃጠሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ሲነሱ ያቺን የሚወዷትን ትንሿን ካውያ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ተሰቅላ አገኟት። የሰቀለቻት ልጃቸው ናት። ምንም አላለቻቸውም፤ እሳቸውም ምንም አልጠየቋት። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ስኩተሯ ናት። በየማታው ሙቅ ውሃ፣ የዱቄት ሳሙናና አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ይዘው ይወጣሉ፤ በየስርቻዋ ብሩሽ እየሰደዱ እንደ ሠርግ ቀሚስ ያጥቧታል። «ነጭ የሚያመላልስ ራሱ ነጭ መሆን አለበት» ይላሉ። ሰፈሩ ውስጥ እንደሷ የምታበራ ስኩተር የለችም፤ ይህንን ሊቀመንበሩም ቢሆን አይክድም።

ክሊኒኩ ዳገት ላይ ነው። ስኩተሯ ዳገቱን እየዘፈነች ወጣችው፤ ነዳጅ እስከተሰጣት ድረስ ነገረኛ አይደለችም። በሩ ጋ ሲደርሱ ካውያ ነዳጁን ለቅቃ ፍሬን ስትይዝ፣ ሁለቴ አሳላትና ጭጭ አለች። ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ «እኔ ጋ ስትደርስ ዝም የምትለው አክብራኝ ነው፤ አትቆጫት» አላት። ካውያም «ሰው ሁሉ እንደሷ ቢያከብርህ በሩን የሚከፍትልህ አታጣም ነበር» ብላ እየገፋች አስገባቻት። የእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ላይ ጋውኖቹን ደረደረችና የውሃ መርጫውን ከሳጥኑ አውጥታ መንገድ ላይ የተጨማደደ አንድ ኮሌታ ላይ እፍ እፍ አድርጋ በመዳፏ አስተኛችው። ይህ የአባቷ ደንብ ነው። ልብስ መንገድ ላይ የያዘውን መጨማደድ ደንበኛው ሳያየው በሩ ላይ ታጠፊዋለሽ ብለው አስተምረዋት፣ መርጫው ከሳጥኑ ተለይቶ አያውቅም። ተቀባይዋ ትናንት ጭቃ የነካው አንሶላ የትኛው እንደሆነ ስትጠይቃት፣ ካውያ ክምሩን ወደሷ ገፋ አድርጋ «ካገኘሽው ውሰጂው» አለቻት። አላገኘችውም።

ከክሊኒኩ ስትወጣ ስኩተሯ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሳች። ካውያ ወዲያው አልሄደችም፤ አጥሩ ሥር ቆማ አሰበች። የእሳት መስጫው ካንዴላ ቢሆን ዳገት ላይ ታንቀራፍፍ ነበር። ነዳጅ ቢያጥራት ሩጫ ላይ ትለምን ነበር። ካንዴላውም ቢሆን በቅርቡ ተቀይሯል፤ ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተርም ተፈትቶ ታጥቧል። በሙሉ አፏ ስትበላ ደህና ናት፤ በትንሹ ጉረሽ ሲሏት ነው የሚያንቃት። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከመብላቱ ሳይሆን ከመተንፈሱ ነው አለች ለራሷ፤ አባባሏም ደስ አላት። ወንድሟ እንዲህ ብሎ ሲያስብ ታያት፤ ሳቋ መጣ።

መካኒኩ ከጎማ ጠጋኙና ከጫማ ሰፊው መሐል በቆርቆሮ ዳስ ሥር ይሠራል። ገና ደንበኛ አፉን ሲከፍት «ጸጥታ» ብሎ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ስለሚያስጠጋ፣ ስሙም «ጸጥታ» ሆኖ ቀርቷል። የዚያን ቀንም ካውያ ገና «ቀስ ስላት» ስትል እጁን አነሳ። ሰማ፤ ካቻቢቴ አነሳ፤ አንዲት ብሎን ግማሽ ዙር አዞረ። ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ በራሱ የሚዞርበትን ልክ፣ ሚኒሞውን፣ ከፍ አደረገው። «ዝቅ ብሎ ነው፤ ለዚህ እንኳን አላስከፍልሽም» አላት። ካውያ ነጻ ነገር ስትሰማ ትጠረጥራለች፤ ግን አመስግና ሄደች።

ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ሚኒሞዋ ከፍ ስላለ ስኩተሯ አሁን ነዳጅ ባይሰጧትም መሄድ ጀመረች። ለጸጉር አስተካካዩ ፎጣ ስታወርድ፣ በመቆሚያዋ ብትቆምም የኋላ ጎማዋ ለብቻው እየዞረ ከእግረኛው መንገድ ልትወርድ ስትል ደረሰችባት። መስቀለኛው መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ሲያነሳ፣ ካውያ ሁለቱንም ፍሬን ጨምድዳ ይዛ ቆመች፤ ስኩተሯ ግን ገመዱን እንደሚጎትት ውሻ ወደ ፊት ወደ ፊት ትል ነበር። ፖሊሱ ጠጋ ብሎ «መሄድ ነው መቆም የምትፈልጊው?» ሲላት «እሷን ይጠይቋት» አለችው። ይህንኑ እያለች ስኩተሯ ጠፋች። ፖሊሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አሻገራት፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም። ፀሐይዋ ወደ ቀትር እየወጣች ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ነጻ የሆነውን መድኃኒት ሞክራ ጨርሳለች። ወደ ጸጥታ ተመለሰች።

በዚህኛው ጊዜ ጸጥታ ተንበረከከ። ሚኒሞውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰና ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ፍሬን ያዢ፣ ልቀቂ፣ ያዢ እያለ እሷን እያሠራ ሞተሩን በዓይኑም በጆሮውም ተከታተለ። ስኩተሯ ፍሬን በተያዘ ቁጥር አፍንጫዋን ትደፋለች፤ አፍንጫዋን ስትደፋ ድምፁ ይሳሳል። ቀና ብሎ እጁን ጠራረገ።

«አየር ትሰርቃለች» አለ። «ከነዳጁ ጋር የሚገባው አየር በልክ ነው። ሌላ ቀዳዳ ካለ ግን አየሩ ይበዛና በትንሽ ነዳጅ መንደድ ያቅታታል።»

«ከየት ነው የምትሰርቀው?»

«እሱን ለማወቅ ሆዷን መክፈት ነው። አሁን የጀመርኩት ሥራ አለ። ነገ ጠዋት አምጫት።»

«ነገ የለኝም፣ ወንድም ዓለም።»

ይህን ስትል ድምጿ ትንሽ ተሰበረ፤ መሰበሩንም እሷው ቀድማ ሰማችውና ተናደደች። ከቆመችበት ሆና ወደ ሳጥኑ አየች። እቤት የእንፋሎቱ ቱቦ ሲያፈስ ማንም ቱቦውን አይፈታም፤ ውሃ ያስነኩታል፤ ውሃው ቀዳዳውን ያሳያል። የሚያስወጣ ቀዳዳ ውሃ ላይ አረፋ ይሠራል፤ የሚያስገባ ቀዳዳ ደግሞ ውሃውን ይጠጣል። የሚጠጣ ሞተር ድምፁ እንደማይደበቅ ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። መርጫውን ከሳጥኑ አወጣች።

«አስነሳትና አሁን አንተ ጸጥ በል» አለችው።

ጸጥታ በሕይወቱ ይህን ተብሎ አያውቅምና ደንግጦ ታዘዘ፤ ፍሬን ይዞም አፍንጫዋን ወደ ታች ተጫናት። ካውያ ኮሌታ እንደምትረጭ አድርጋ፣ በቀጭኑ፣ በካርቡራተሩ ዙሪያ ጀመረች። ምንም የለም። ከላይ በኩል፣ ምንም። መርጫውን ከታች አስገብታ ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን የጎማ አንገት ሥር ስትነካው፣ ሞተሩ ትን እንዳለው ሰው ተንደቀደቀና ድምፁ ወረደ። ጸጥታ «ድገሚው» አለ በሹክሹክታ። ደገመችው። ሞተሩም ደገመ። የጀመርኩት ሥራ አለ ያለው ሰው ያንን ሥራ ረስቶ ፒንሳውን አነሳ፤ ጫማ ሰፊው እንኳን መርፌውን ይዞ መጥቶ ከበላያቸው ቆመ።

የጎማው አንገት ወጥቶ መዳፉ ላይ ሲቀመጥ፣ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነበር። ሲገለብጡት ግን ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጸጥታ በአውራ ጣቱ ጎበጥ ሲያደርገው ስንጥቁ እንደ ከንፈር ተከፈተ፤ ሲለቀው ተዘጋ። «አየሽ፣ ስትሄጂ ሞተሩ ወደ ኋላ ይደገፍና ይገጥመዋል። ፍሬን ስትይዢ ሞተሩ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ያኔ ይከፈታል» አላት።

«እጄ አይደለም ማለት ነው።»

«እጅሽ? እጅሽ ባይሆን ኖሮ እስከዛሬም አትቆይም ነበር።»

ካውያ ይህን ቃል ሁለቴ ልታስደግመው ፈልጋ አፈረች። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ጸጥታ ጎማውን ወደ ብርሃን አዙሮ እያየው፣ ዕድሜ ብቻውን እንዲህ አያደርግም አለ። ድርቅ ብሎ፣ ነጣ ነጣ ብሎ፣ ሲጫኑት የሚፈረፈር ሆኗል። ወደ አፍንጫው አስጠጋውና ፊቱን አጨማደደ። «በምንድን ነው የምታጥቧት?» ብሎ ሰጣት። ካውያ ማሽተት እንኳን አላስፈለጋትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ያደገችበት ሽታ ነው። በረኪና ነው።

የዚያች ትንሽ ጠርሙስ ነገር። ገና ለሥራ ስትደርስ አባቷ ያስተማሯት የመጀመሪያው ሕግ ላስቲክ ያለበት ልብስ በረኪና አይነካም የሚል ነበር፤ በረኪና ላስቲክን ይበላል፣ ዛሬ ያነጣልሻል ነገ ይበጥስብሻል እያሉ። ይህን ሕግ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም። ግን ሌላው ሰው ስኩተር ሲያጥብ ብረትና ጎማ ያያል፤ እሳቸው ያዩት ነጭ ልብስ ነው። ነጭ ልብስ ደግሞ የመጨረሻ ውሃው በረኪና ይነካዋል። በየማታው በእንክብካቤ፣ ብሩሹን ማንም ወደማይደርስበት ስርቻ እየሰደዱ ያጠጡት ኖሯል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ችግሩ፣ አይጡ አባቷ ናቸው።

መለዋወጫ ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ባለሱቁ አዲሱን የጎማ አንገት ከፕላስቲኩ ሳያወጣ «አራት መቶ» አላት። «ለዚህች? የጓንት ጣት እኮ ናት» አለችው። «የጓንት ጣት ከሆነች ጓንትሽን ቁረጪና ግጠሚው» አላት። በሦስት መቶ ተስማሙ፤ ሁለቱም የረቱ መስሏቸው ተለያዩ። ጸጥታ ገጠመው፣ በብረት ማሰሪያው፣ በፋሸታው፣ አጠበቀው፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ቀና አለ። ከዚያ ካውያ ሰዉ ሁሉ በሚቸኩልበት ሰዓት፣ መኪና በሚያንባርቅበት ጎዳና፣ በሰው እርምጃ ነዳች። መስቀለኛው ላይ ቀስ አለች፤ ስኩተሯ አልጠፋችም። አሮጊት ልታሻግር ቆመች፤ አልጠፋችም። ያው ፖሊስ ዛሬ ጠዋት ያያትን አስታውሶ በእጁ ሂጂ ሲላት እንኳን ሆን ብላ ቆየች። ቀስ ማለት እንዲህ እንደሚያስደስት አታውቅም ነበር።

መንገዱ ላይ ግን የማታውን ንግግር በልቧ ስታዘጋጅ አንድ ነገር ያዛት። ማሸነፊያው ኪሷ ውስጥ ነው። የተሰነጠቀውን ጎማ አውጥታ «ያበላሿት አባዬ ናቸው» ብትል ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ዘግቶ ይሄዳል። አባቷስ? ካውያቸው ተወስዳባቸዋለች። ባልዲው ከተወሰደባቸው ለሽማግሌው ግቢው ውስጥ የሚቀራቸው ወንበር ብቻ ነው። ሳትናገር ታስተካክለዋለች፤ ዕድሜ ነው ትላለች፤ በዚህ ቤት ብዙ ነገር የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። እቤት እንደደረሰች አባቷ ከቀትር እንቅልፋቸው ሳይነሱ ትንሿን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደች፤ በረኪናውን ወደ ትልቁ ገንዳ ገልብጣ በውሃ ሞላቻትና ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ይህን ስታደርግ እጇ የሌባ እጅ ሆኖ ተሰማት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ወንድሟ ሲመጣ ሲሚንቶው ጫማው ላይ ነበር። አባትየው ባልዲያቸውን ቀላቅለው፣ ጠርሙሷን እንደልማዳቸው ባልዲው ላይ ደፍተው፣ ስኩተሯ ፈተናዋን እስክትጨርስ ጨርቃቸውን ይዘው ውሃ ታንከሩ ጎን ቆመዋል። ካውያ ከግቢው በር ተነሳች። ቀስ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ የታጠበ አንሶላ በተሰጣበት ገመድ ሥር አልፋ፣ ታንከሩ ጋ ስትደርስ ፍሬን ይዛ ቆመች። ሞተሩ በልኩ፣ ሳያስል፣ ሳይንደረደር ይዞራል። ሁለት እጇን ከመሪው አንስታ አሳየችው።

«ምን ሆና ነበር?» አለ ወንድሟ።

«ጎማ ነው። ካርቡራተሩ ሥር ያለው ጎማ ተሰንጥቆ አየር ያስገባ ነበር። ዕድሜ ነው።»

«ዕድሜ?» ወንድሟ ወደ አባቱ ዞረ፤ አንድ ሰው ካለ ስብሰባ አለ። «አባዬ፣ ጎማ በዕድሜ አይሰነጠቅም፤ በአያያዝ ነው። ዛሬ ጠግናዋለች እሰየው፤ እጇ ግን ያው እጇ ነው። በወሩ ሌላውን ትሰነጥቀዋለች። እኔ ያልኩትን ነው የምለው።» እጁንም ቁልፉን ለመቀበል ዘረጋ።

ካውያ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብትተነፍስ ይወጣል። አባቷን አየችና ዋጠችው። እንባዋ ሊመጣ ሲል ወደ ሞተሩ አጎነበሰች፤ የሚታይ ነገር እንዳለ ሁሉ።

«ጎማውን አምጪው» አሉ አባቷ።

ከጠዋት ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው። በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ገለበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ጫኑት፤ ነጭ ፍርፋሪው መዳፋቸው ላይ ቀረ። አሸተቱት። ከዚያ አጎንብሰው ጣታቸውን ባልዲው ውስጥ ነከሩና እሱንም አሸተቱ። ዕድሜ ልኩን ልብስ ሲያጥብ የኖረ ሰው ዓይኑን ቢስት አፍንጫው አይስትም።

«ይሄ ውሃና ሳሙና ነው» አሉ። «በረኪናዬን ማን ነው የደፋው?»

ካውያ «እኔ ነኝ አባዬ» አለች።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀና አሉ። ወደ ልጃቸው፣ ወደ ወንዱ፣ ዞሩ። «እኔ ነኝ ያበላሸኋት» አሉት። «ላስቲክ ያለበት ነገር በረኪና አይነካም ብዬ ለዚህች ልጅ ያስተማርኩ እኔ፣ በየማታው በረኪና ሳጠጣት የከረምኩ እኔ። ጠዋት ያልከኝን ሰምቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። የእሷ እጅ አለመሆኑን አውቅ ነበር። እጅማ እኔ አውቃለሁ፤ ይህ ቤት የቆመው በእጇ ነው። መናገር ነበረብኝ። ቁልፉ ከእሷ ጋር ይቆያል።»

ሊቀመንበሩ የተዘረጋ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ አጣ። ሱሪው ላይ ጠረገው። ካውያ ሳትዘልፈው «ጠዋት ጠዋት እስከ መደብርህ ላደርስህ እችላለሁ፤ ብትጠይቀኝ ኖሮ እስከዛሬም አደርስህ ነበር» አለችው። ያጉተመተመው ባይሰማም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ፊቱን የሚታጠብ መስሎ ወደ ታንከሩ ሄደ። አባትየው ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

«አንቺም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካውያዬንም እንዲሁ ነው የወሰድሽብኝ። ማታ እጠረጴዛው ላይ ትቻት ተኛሁ፣ ጠዋት ሰማይ ላይ ተሰቅላ አገኘኋት። ዛሬ ደግሞ ጠርሙሴን በውሃ ሞላሽልኝ። ጥፋቴን ንገሩኝ። ሥራዬን ግን እንደ ሌባ ከጀርባዬ አትውሰዱብኝ።»

ካውያ ፊቷ ነደደ። ጠዋት በሳንቃው ግድግዳ የሰማችው ነገር ምን ያህል እንዳንገበገባት ገና ከሆዷ አልወጣም፤ ያንኑ ነገር እሷ በአባቷ ላይ ያደረገችው ለካ ያለ ሳንቃ፣ ያለ አንዲት ቃል ነው። ወንድሟ እንኳን ቢያንስ ተናግሮ ነበር። «አጥፍቻለሁ፣ አባዬ» አለች። ስኩተሯን አጠፋቻትና ወደ መተኮሻው ክፍል ገብታ በርጩማ ላይ ወጥታ ትንሿን ካውያ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደች። አቧራ ይዛለች። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻትና ጠረጴዛው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ድሮ አባቷ በሚቆሙበት ቦታ አስቀመጠቻት።

ስትመለስ ሽማግሌው የስኩተሯን ሆድ በሳሙናው ውሃ እየፈተጉ ነው። አዲሱ የጎማ አንገት ጋ ሲደርሱ ብሩሹን አስቀምጠው ደረቅ ጨርቅ አነሱ፤ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዙሪያውን በዝግታ ወለወሉት።

«ኮት አልነካም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «መሐረብና የትራስ ልብስ ግን ማንም አይቀድመኝም። ለነገ የትራስ ልብስ አለ?»

«አለ፣ አባዬ። የሆቴሉ ነው፤ ብዙ ነው።»

«ይብዛ» አሉ።